ሰማዩ አንድ፤ ፈቃዱ ብዙ



አንድ አብሮ አደጌ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ አይሮፕላን ማብረር ተማረ። ዘመድ ወዳጅ ያዋጣለትን ገንዘብ፣ እሱም ሌሊት ሌሊት ዕቃ እየጫነ ካጠራቀመው ጋር ደማምሮ፣ ከሦስት ዓመት ልፋት በኋላ የንግድ አብራሪነት ፈቃዱን በእጁ አስገባ። ከዚያም የትዳር ነገር ወደ አውሮፓ ወሰደውና እዚያው ሥራ ለመያዝ አሰበ። «ይህን ፈቃዴን በእናንተ ፈቃድ ለውጡልኝ» ብሎ ቢያመለክት ያገኘውን መልስ በደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ንዴቱ በየመስመሩ ይነበባል። «ሰማይ ላይ ስንት ሰዓት የዋልሁትን ሰው እንደገና ሀ ሁ ቍጠር አሉኝ። 13 የጽሑፍ ፈተና፤ በዚያ ላይ አዲስ የሐኪም ምርመራ፤ በዚያ ላይ የበረራ ፈተና! ለመሆኑ የአሜሪካ ሰማይና የአውሮፓ ሰማይ ልዩ ልዩ ነው?»

ደብዳቤውን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ባነብላቸው ባልደረቦቼ ሁሉ አብረውት ተቈጡ። አንዱ «ገንዘብ ለመሰብሰብ ያመጡት ዘዴ ነው» አለ። ሌላው «ጥቁር ቢሆን ነው እንጂ ፈረንጅ ቢሆን ማን ይጠይቀው ነበር?» አለ። እኔም የጻፍሁለት የመጀመሪያ መልስ ከዚህ እምብዛም አይለይም፤ «በድለውሃል» አልሁት። በኋላ ግን ነገሩን ከሥሩ ልመርምረው ብዬ ሕጉን ሳገላብጥ ፍርዴ የተቻኰለ መሆኑን ተገነዘብሁ። ዛሬ የማጫውትዎ ይህንኑ ነው። ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻ እንዳይመስልዎ፤ በአንድ አገር የተሰጠውን ወረቀት ይዞ በሌላ አገር በር ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከመነሻው እንጀምር። በ1944 ዓ.ም. ዓለም ገና በጦርነት ላይ ሳለች ከ50 የሚበልጡ መንግሥታት መልእክተኞች በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ተሰብስበው ስለ ሲቪል አቪዬሽን መከሩ፤ በዲሴምበር 7 ቀንም አንድ ትልቅ ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያም በጉባኤው ላይ ነበረች፤ በ1947 ዓ.ም. ስምምነቱን ተቀብላ አባል ሆናለች። ዛሬ አባል የሆኑት መንግሥታት 193 ናቸው፤ ሥራውን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ድርጅትም መቀመጫው በካናዳ በሞንትሪያል ነው።

ይህ ስምምነት ከደነገጋቸው ነገሮች አንዱ፣ አይሮፕላን እንደ ሰው ዜግነት ያለው መሆኑ ነው። ዜግነቱም የተመዘገበበት አገር ዜግነት ነው። አይሮፕላን ማረፊያ ሄደው ቢመለከቱ በጎኑ ወይም በጅራቱ ላይ ፊደሎች ተጽፈው ያያሉ፤ የኢትዮጵያ ከሆነ «ኢ ቲ»፣ የአሜሪካ ከሆነ «ኤን»፣ የእንግሊዝ ከሆነ «ጂ» ብሎ ይጀምራል። አብራሪውም ሊኖረው የሚገባው ፈቃድ፣ ያ አይሮፕላን የተመዘገበበት መንግሥት የሰጠው ወይም ያጸደቀው ፈቃድ ነው። አንቀጽ 32 የሚለው ይህንን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አብራሪው በየሚያርፍበት አገር ሁሉ የዚያን አገር ፈቃድ መያዝ ያለበት ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በረራ የሚባል ነገር ባልኖረ። የኢትዮጵያን አይሮፕላን የሚያበር ካፒቴን ፍራንክፈርት ቢያርፍ የጀርመን ፈቃድ አይጠየቅም፤ የኢትዮጵያው ይበቃዋል። ያው ካፒቴን ግን ነገ ሥራውን ለቆ የጀርመን ፊደል የተጻፈበትን አይሮፕላን ላብርር ቢል፣ ሰውየው ያው፣ ሰማዩም ያው ሆኖ ሳለ፣ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃውም። እንግዲህ ፈቃድ የሚከተለው መሬቱንም ሰማዩንም ሳይሆን በአይሮፕላኑ ጅራት ላይ ያለውን ፊደል ነው።

ይህ ለምን ሆነ? ቢሉ፣ መልሱን ለማግኘት ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ጠባቂ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ዋስ ያቀርባል። ዋስ የሚጠየቀው ሰውየው ሌባ ነው ተብሎ አይደለም፤ ጉድለት ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው። አሁን እርስዎ ጎንደር ላይ ጥሩ ዋስ ነበረዎት እንበል። ሐረር ተዛውረው ሌላ መሥሪያ ቤት ቢገቡና «ዋስ አለኝ፤ ጎንደር ነው» ቢሉ ሹሙ ምን ይልዎታል? «ሰውየው ደግ ሰው ይሆናል፤ ነገር ግን እኛ አናውቀውም፤ እሱም ለእኛ አልፈረመም» ይላል። በዚህ ቢቈጡ ቍጣዎ ይገባኛል፤ ሹሙ ግን አልበደለዎትም።

የአብራሪነት ፈቃድም እንዲሁ የዋስትና ወረቀት ነው። አንድ መንግሥት «ይህን ሰው ፈትኜዋለሁ፤ ዓይኑንና ልቡን በሐኪም አስመርምሬአለሁ፤ ቢያጠፋ እጠየቅበታለሁ» ብሎ ለመላው ዓለም የሰጠው ቃል ነው። በሌላ አገር ፈቃድ ይለወጥልኝ ማለት ደግሞ ያ ሁለተኛው አገር በስሙ አዲስ ዋስ ይሁንልኝ ማለት ነው። አዲሱ ዋስ ከመፈረሙ በፊት ራሱ አይቶ ቢያረጋግጥ ሊያስደንቀን አይገባም። በአገራችንም ታሪክ ብንመለከት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ በኋላ ለዓመታት አይሮፕላኖቹን ያበሩ የነበሩት አሜሪካውያን ናቸው። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ የሆኑት በ1957 ዓ.ም. ነው። አብራሪው የየትም አገር ተወላጅ ይሁን፣ አይሮፕላኑ የኢትዮጵያን ምልክት እስከ ያዘ ድረስ በዓለም ፊት ለአብራሪው ተጠያቂዋ ኢትዮጵያ ናት።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። አንድ አገር የሌላውን ፈቃድ የሚቀበልበት መንገድ በጠቅላላው ሁለት ነው፤ ማጽደቅና መለወጥ። ማጽደቅ ማለት የመጀመሪያው ፈቃድ እንዳለ ሆኖ «ይህ በእኛም ዘንድ ይሠራል» የሚል ወረቀት ከጎኑ ማያያዝ ነው። ይህ ሁለተኛው ወረቀት ጥገኛ ነው፤ ዋናው ፈቃድ ጊዜው ካለፈ ወይም ከታገደ እሱም አብሮ ይሞታል። ለምሳሌ አሜሪካ፣ ለግል መዝናኛ የሚያበር የውጭ አገር ሰው ከሆነ፣ የአገሩን መሥሪያ ቤት «ይህ ፈቃድ ከእናንተ የወጣ ነውን?» ብላ ጠይቃ ካረጋገጠች በኋላ በዚያው ላይ ተመሥርታ የራሷን ወረቀት ትሰጠዋለች። ሰውየው ግን ሲያበር ሁለቱንም ወረቀቶች መያዝ አለበት። መለወጥ የተባለው ከዚህ የከበደ ነው፤ ራሱን የቻለ አዲስ ፈቃድ ማውጣት ስለሆነ ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

አብሮ አደጌን ያስቈጡት 13 ፈተናዎች ምን ምን ናቸው? የአየር ሕግ አለ፤ የአይሮፕላን አካልና ሞተር አለ፤ የመሣሪያዎች ዕውቀት፣ ክብደትና ሚዛን፣ የአይሮፕላን ብቃት፣ የጕዞ ዕቅድ፣ የሰው ጠባይና ድካም፣ የአየር ጠባይ፣ አቅጣጫ ማወቅ፣ በሬዲዮ አቅጣጫ ማወቅ፣ የሥራ ሥርዐት፣ የበረራ መሠረተ ሐሳብ፣ የሬዲዮ ንግግር እያለ ይቀጥላል። በያንዳንዱ ከመቶ 75 ማግኘት ግዴታ ነው። የመጀመሪያውን ከተፈተነበት ወር መጨረሻ አንሥቶ በ18 ወር ውስጥ ሁሉንም ካልጨረሰ ደግሞ ያለፋቸውም ይሰረዙበታል።

በአሜሪካ ግን ለየደረጃው የሚሰጠው የጽሑፍ ፈተና አንድ ነው፤ ማለፊያውም 70 ነው። ይህን ሰምተው «እንግዲያው አሜሪካ ታቃልላለች» እንዳይሉ። በአሜሪካ ፈታኙ ተፈታኙን እንደ የኔታ ፊት ለፊት አስቀምጦ በቃል እየጠየቀ ሲመረምረው ይቈያል፤ ከዚያ በኋላ ነው አብሮት የሚበረው። ለንግድ አብራሪነትም ዓለም አቀፉ ደንብ ዝቅተኛው 200 የበረራ ሰዓት ነው ሲል፣ አሜሪካ በተለመደው መንገድ 250 ትጠይቃለች። እንግዲህ አንዱ በጽሑፍ፣ ሌላው በቃልና በሰዓት ያጠብቃል። ሁለቱም ዐዋቂ ያወጣሉ፤ የሚያወጡት ዐዋቂ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

«ዐዋቂ ዐዋቂ ነው፤ ልዩነቱ ምን ይጐዳል?» ይሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚሁ ብዬ ነበር፤ አንድ ምሳሌ እስካገኝ ድረስ።

የአይሮፕላን ከፍታ መለኪያ በእውነቱ የአየር ግፊት መለኪያ ነው። ወደ ላይ በወጡ ቍጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ መሣሪያው የግፊቱን ማነስ ወደ ከፍታ ተርጕሞ ያሳያል። ነገር ግን ግፊቱ ከቀን ወደ ቀንና ከቦታ ወደ ቦታ ይለዋወጣል። ስለዚህ አብራሪው የዕለቱን ግፊት ከመሬት በሬዲዮ ተቀብሎ መሣሪያውን በዚያው ልክ ያስተካክላል። አሜሪካ ይህን ግፊት በኢንች ትለካለች፤ መደበኛው 29.92 ነው። አውሮፓ ደግሞ በሄክቶፓስካል ይለካል፤ መደበኛው 1013 ነው። ሁለቱ ቍጥሮች የአንድ ነገር ሁለት ስም ናቸው።

አሁን በአሳብዎ አብረውኝ ይብረሩ። ቀኑ ደመናማ፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ነው። የአውሮፓው ተቈጣጣሪ በጥድፊያ «992» ይላል፤ ሄክቶፓስካል ማለቱ ነው። በአሜሪካ የሠለጠነው አብራሪ ጆሮው የለመደውን ሰምቶ 29.92 ላይ ያደርገዋል። ይህም 1013 ማለት ነው። በመካከሉ የ21 ሄክቶፓስካል ስሕተት ገባ። መሣሪያው የሚያሳየው ከፍታና እውነተኛው ከፍታ በ600 ጫማ ያህል፣ ማለትም በ180 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። አይሮፕላኑ የሚበረው አብራሪው ከሚያስበው በታች ነው። በጠራ ቀን ይህ ላይጐዳ ይችላል፤ በደመና ውስጥ ተራራ ባለበት አገር ግን 180 ሜትር ማለት ሞትና ሕይወት ነው። ልብ ይበሉ፤ ይህ ሰው መሃይም አይደለም። ያሳሳተው አለማወቁ ሳይሆን ልምዱ ነው።

የመለኪያ መለያየት የሚያመጣውን መዘዝ ዓለም በአንድ ታላቅ አደጋ አይቶታል። በጁላይ 23 ቀን 1983 ዓ.ም. አንድ የካናዳ ቦይንግ 767 በ41,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ ነዳጁ አለቀና ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። በዚያን ጊዜ ካናዳ ከጥንቱ መለኪያ ወደ ሜትሪክ እየተሸጋገረች ነበር። ለጕዞው 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ሲያስፈልግ፣ በስሌት ስሕተት ምክንያት አይሮፕላኑ የያዘው 22,300 ፓውንድ ያህል ብቻ ነበር። ይህም ከሚያስፈልገው ግማሽ አይሞላም። ካፒቴኑ ሞተር የሌለው አይሮፕላን የማንሳፈፍ ልምድ ስለ ነበረው፣ ጊምሊ በተባለ ቦታ በነበረ አሮጌ የጦር አየር ሜዳ ላይ አሳርፎ 69ኙንም ሰዎች አተረፈ። እነዚያን ሁሉ ዐዋቂዎች ያሳታቸው አንድ ቍጥር ከስሙ መለየቱ ነው። አባቶቻችን «እንዳገሩ ይኖሯል፤ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። በሰማይም ወንዝ አለ።

ዋሱ የተከበረ መሆኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በጁን 2020 ዓ.ም. የፓኪስታን የአቪዬሽን ሚኒስትር በፓርላማ ቀርበው ከአገሪቱ 860 አብራሪዎች የ262ቱ ፈቃድ አጠራጣሪ ነው ብለው ተናገሩ። የአውሮፓ ኅብረት የፓኪስታንን አየር መንገድ ከጁላይ 1 ቀን ጀምሮ ከሰማዩ አገደ፤ እገዳው የተነሣው በኖቬምበር 2024 ዓ.ም. ነው። ቬትናም በአገሯ የሚሠሩትን ፓኪስታናውያን አብራሪዎች ከበረራ አስቀረች። በኋላ በውጭ አገር ከሚሠሩት የብዙዎቹ ፈቃድ ትክክለኛ መሆኑ ተረጋገጠ። ነገር ግን በላቡ ተምሮ፣ በሐቅ ተፈትኖ ያለፈው ሰው የዋሱ ስም ስለ ጐደፈ ብቻ ከሥራው ተነሥቶ ቤቱ ተቀመጠ። ፈተና ሲሰረቅ አይቶ «ምን አገባኝ» የሚል ተማሪ ይህን ቢያስብ እወዳለሁ፤ የሚሰረቀው የእሱም ወረቀት ዋጋ ነው።

ዋሱ ሳይጐድፍም ሊጠፋ ይችላል። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ በዲሴምበር 31 ቀን 2020 ዓ.ም. ሌሊት የእንግሊዝ ፈቃድ የያዙ አብራሪዎች በኅብረቱ አገሮች አይሮፕላኖች ላይ የነበራቸው መብት አበቃ። ማታ ያበረ ሰው ጧት ችሎታው አልቀነሰም፤ የፈረመለት መንግሥት ግን ከማኅበሩ ወጥቷል። አስቀድመው የተጠነቀቁት ፈቃዳቸውን ወደ ኦስትሪያና ወደ አየርላንድ አዛውረው ነበር። ያላዛወሩት እንደ አብሮ አደጌ እንደ ውጭ አገር ሰው ተቈጠሩ። እነዚህ ደግሞ አብዛኞቹ ነጮች ናቸው። ስለዚህ «ጥቁር ቢሆን ነው» ያለው ባልደረባዬ በዚህኛው ጉዳይ ተሳስቷል።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1892 ዓ.ም. በቴክሳስ የተወለደችው ጥቁር አሜሪካዊት ቤሲ ኮልማን፣ በጥቁርነቷና በሴትነቷ ምክንያት የአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ቢሏት ፈረንሳይኛ ተምራ ወደ ፈረንሳይ ሄደች። በጁን 1921 ዓ.ም. የዓለም አቀፉን የአየር ማኅበር ፈቃድ አግኝታ ተመለሰች፤ በ1926 ዓ.ም. በአደጋ እስከ ሞተች ድረስም በአገሯ ሰማይ ላይ በረረች። አገሯ የነፈገቻትን ወረቀት ሌላ አገር ሰጣት። የሌላውን አገር ፈቃድ መቀበል ለፍትሕም የሚበጅበት ጊዜ እንዳለ ይህ ያስረዳናል።

ስለዚህ የጓደኛዬ ቍጣ ግማሹ እውነት አለው። ስለ ከፍታ መለኪያ፣ ስለ አየር ሕግና ስለ ሬዲዮ ንግግር እንደገና መጠየቁ ተገቢ ነው። የበረራ መሠረተ ሐሳብን እንደገና መፈተኑ ግን ምን ይጠቅማል? አይሮፕላንን የሚያነሣው የአየር ሕግጋት በአሜሪካም በአውሮፓም አንድ ነው። መንግሥታትም ይህን እያስተዋሉት መጥተዋል። ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች አንዱ የሰጠው ፈቃድ በሁሉም ዘንድ ይሠራል። አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረትም ለግል አብራሪዎች የሚለያየውን ክፍል ብቻ በመፈተን ፈቃድ የሚለዋወጡበትን ስምምነት ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ አውለዋል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ የሚያውቀውን ትተህ የማያውቀውን ጠይቀው። ለንግድ አብራሪዎች ግን ይህ በር ገና አልተከፈተም።

ከተማሪዎቼ መካከል አብራሪ መሆን የሚመኙ አሉ፤ ለእነሱና ለመሰሎቻቸው ጥቂት ምክር ልጨምር። ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት «የት ልማር?» ሳይሆን «የየትኛውን አገር አይሮፕላን ላብርር?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያም የዚያን አገር የሐኪም ምርመራ አስቀድመው ያድርጉ፤ የአንዱ አገር የጤና ወረቀት በሌላው ላይሠራ ይችላል፤ ዓይንዎ የማይፈቅድልዎ ከሆነ ሳይከስሩ ቢያውቁት ይሻላል። እንግሊዝኛዎን ያበርቱ፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ አብራሪ ከስድስቱ የቋንቋ ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን ማግኘት አለበት፤ አራተኛውም በየጊዜው ይታደሳል። ከሁሉም በላይ የበረራ መዝገብዎን በንጽሕና ይያዙ። ፈተና በየአገሩ ሊደገም ይችላል፤ በትክክል ተጽፎ የተፈረመበት የበረራ ሰዓት ግን ከባለቤቱ ጋር ድንበር ይሻገራል።

ለአብሮ አደጌ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁለት፤ «በድለውሃል» ያልሁትንም ግማሹን መለስሁ። ብዙ ሳይቈይ መልሱ መጣ። አምስቱን ፈተና ተፈትኖ አራቱን አልፏል። የወደቀው በአየር ሕግ ነው። ከሳታቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ አብራሪው ወደ ላይ ሲወጣ ከፍታ መለኪያውን ከአካባቢው ግፊት ወደ መደበኛው የሚለውጠው በስንት ጫማ ላይ ነው የሚል ነበር። በአሜሪካ ይህ በየትም ቦታ 18,000 ነው፤ በአውሮፓ ግን እንደየቦታው ይለያያል፤ አምስተርዳም ላይ 3,000 ነው። እሱ ሳያስብ 18,000 ብሎ ጻፈ። «እጄ ነው የጻፈው፤ እኔ አይደለሁም» ይላል። በሚቀጥለው ወር እንደገና ሊቀመጥ እያጠና ነው።